ሩብ ኪሎ አተርና ሁለት ክረምት፦ ስለ አንዲት የዘር ሱቅ

ዕቃውን የገዛሁት ሰኔ 2016 ነው፤ አስተያየቱን የምጽፈው ህዳር 2018። ዘገየህ የሚለኝ አይጠፋም። የገዛሁት ግን አተር ነው፣ ያውም ለዘር። ምግብ ቤት በልቶ የወጣ ሰው ያንኑ ማታ ሊያመሰግን ወይም ሊያማ ይችላል። የዘር ሱቅን ግን፣ ከተዘራው ላይ የተለቀመው ፍሬ ተመልሶ ተዘርቶ ምን እንዳበቀለ ሳያዩ ማመስገንም ማማትም ችኮላ ነው። ስለዚህ ሁለት ክረምት ጠበቅሁ።

ሱቋ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብላ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በአንድ ልብስ ሰፊ መካከል የተሸጎጠች ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይጠብቃል። ቀድሞ ፒያሳ ነበረች፤ ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ባለቤቷ ሚዛኗንና ጆንያዎቿን ይዛ ወደዚህ ተዛወረች። ስሟን አልጠቅስም። ወረድ ብዬ የምወቅሳት ነገር አለና በስም ማንሳቱ ደስ አላለኝም። ፈልጎ የሚሄድ ሰው በራፏ ላይ በተደረደሩት የጎመንና የቆስጣ ችግኞች ይለያታል።

ወቃሹ ማን እንደሆነ ካልታወቀ ወቀሳው አይመዘንምና ስለ ራሴ አንድ ቃል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ማተሚያ ቤት፣ እርማት ክፍል ተቀምጬ የሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ስወጣ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ወጣሁ። የሚታረም ነገር ሳጣ፣ ሰባ ደረጃ አጠገብ በምንኖርበት ግቢ፣ በአጥሩ ጥግ ርዝመቷ 3 ሜትር ወርዷ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነች መሬት ቆፈርኩ። ግቢው የአምስት አባወራ ነው። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ቧንቧ ፈንድቶ የምፈልግ መስሏቸው ነበር።

ያን ቀን ያስተናገደኝ ወጣት ልጅ ነው። «አባባ፣ ምን ልስጥዎት?» አለኝ። አባባ በተባልኩበት ቀን ዋጋ አልከራከርም። የአተር ዘር አልኩት፤ ሁለት ነገር አወጣ። አንደኛው የውጭ አገር እሽግ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ፊቱ ላይ ብርጭቆ የመሰለ አረንጓዴ አተር፣ ውስጡ ሃምሳ ፍሬ ገደማ፣ ዋጋው 220 ብር። ሁለተኛው ከጆንያ በጣሳ የሚዘገን የአገር አተር ነው፤ ሩብ ኪሎው 45 ብር። ሁለቱንም ገዛሁ። ልጁ እሽጉን ሲሰጠኝ፣ «ይሄኛው ሃይብሪድ ስለሆነ ከፍሬው ዘር አያወጡም፤ በየዓመቱ ነው የሚገዛው» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሃይብሪድ ያለው ከሁለት የተለያዩ ዓይነቶች የተዳቀለውን ነው።

እዚህ ላይ በቀይ ላስምር፤ ስህተት ነው። ይህን የማውቀው ግብርና ተምሬ አይደለም። አንድ ጊዜ የሥነ ሕይወት መማሪያ ሳርም ሜንዴል የሚባለው መነኩሴ የዘር ውርስን ሲያጠና ከአተር የቆጠረው 5,474 ድቡልቡል ፍሬ 5,447 ሆኖ ተለቅሞ ያዝኩት። የተጨማደደው 1,850 መሆኑንም ከዋናው ጽሑፍ ጋር ሳመሳክር ቆየሁ፤ ሦስት ለአንድ ገደማ መሆኑ ነው። ሰውየው ከሌላ እህል ሁሉ አተርን ከመረጠበት ምክንያት አንዱ ይህ ነበር፦ የአተር አበባ ራሱን በራሱ ያጸድቃል። የወንዴው ብናኝ ሴቴውን የሚያገኛት አበባው ሳይፈነዳ ነው፤ ንብ ሲደርስ ጉዳዩ አልቋል። ለማዳቀል የፈለገ ሰው እያንዳንዱን እምቡጥ በእጁ ከፍቶ፣ ወንዴውን ነቅሎ፣ ከሌላ አበባ ብናኝ አምጥቶ መቀባት አለበት፤ ለዚያውም ከአንዱ አበባ የሚያገኘው ጥቂት ፍሬ ነው። እንዲህ ተደክሞ የተሠራ ዘር በ220 ብር አይሸጥም። ስለዚህ እሽጉ ላይ ያለው አተር የተጣራ ዘር እንጂ ድቅል አይደለም፤ ከፍሬው የተለቀመው እናቱን መስሎ ይወጣል። በቆሎ ቢሆን ኖሮ ልጁ ልክ ነበር።

ይህን ስነግረው ከጓዳ ባለቤቷ ወጣች። አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ በጥቁር ነጠላ ራሷን ያሰረች ሴት ናት። «ጋሼ ልክ ናቸው፤ ስንት ጊዜ ነገርኩህ» ብላ ልጁን ገሠጸችውና ወደኔ ዞራ፣ «ግን ጋሼ፣ የእሽጉን አሁን እንዳይዘሩት» አለች። ለምን አልኳት። «ይበሰብስብዎታል። ለፍልሰታ ያቆዩት።»

አልሰማኋትም። እሽጉ ጀርባ ላይ በአምስት ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ እያለ የሱቅ ምክር ልከተል? አርባ ዓመት ሊሞላው ምን የቀረው ልማድ ነው፤ የታተመን አምናለሁ።

መመሪያው ለመኸር ምርት የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ውርጭ ስምንት እስከ አሥር ሳምንት ወደኋላ ቆጥሮ ይዝራ ይላል። የማን ውርጭ? እንደገና ሳነበው ነው የገባኝ። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች አገር ክረምት የሚባለው በረዶ ነው፤ በጋቸው ደግሞ ያቃጥላል። አተር ሙቀቱ 27 እና 28 ዲግሪ ሲያልፍ አበባውን ማራገፍ ይጀምራል፤ ስለዚህ የበጋው ትኩሳት ሲበርድ እንዲያብብና ውርጭ ሳይመታው እንዲበላ አጥብበው ይቆጥራሉ። አዲስ አበባ 2,300 እና 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ ሐምሌ ላይ የምትንቀጠቀጥ ከተማ ናት። እዚህ አተርን ያቃጠለው ሙቀት የት አለ? የእኛ ጠላት ውሃ ነው። እነሱ ከፀሐይ እየሸሹ የሚቆጥሩትን እኛ ከዝናብ እየሸሸን ነው የምንቆጥረው። ትርጉም ቢጨመርበት እንኳ ይህ እሽግ ለዚህ ከተማ አልተጻፈም። እርማት ክፍል ቢመጣ «ይመለስ» ብዬ ነበር የምፈርምበት።

ሰኔ 29 ሁለቱንም ዘራሁ፤ 50 ፍሬ ከእሽጉ፣ 50 ፍሬ ከጆንያው፣ ጥልቀቱ ሁለት ጣት። መደቡን ከፍ አላደረግሁትም፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ ለማንም አላካፍልም። ቀይ ጭቃው ሐምሌ በገባ በሳምንቱ የሸክላ ሠሪ ጭቃ ሆነ። የአገሩ አተር 46 በቀለ። የእሽጉ 19። ያልበቀሉትን ጫር አድርጌ ሳያቸው ልጣቸው ብቻ ቀርቶ ውስጣቸው እንደ ገንፎ ቀልጧል።

ነገሩ ከቆዳቸው ይጀምራል። የእሽጉ አተር ሲደርቅ የሚጨማደድ ዓይነት ነው፤ የሚጨማደደው ስኳሩ ወደ ስታርች በደንብ ስላልተለወጠ፣ ውሃ አጭቆ አብጦ ኋላ ሲደርቅ ስለሚሟሽሽ ነው። ጣፋጭነቱም ከዚያው ይመጣል። ያ ስኳር ግን በቀዝቃዛና በጨቀየ አፈር ውስጥ ወደ ውጭ ይሾልካል፤ ሻጋታውም ግብዣ እንደተጠራ ሰው ይመጣል። ድቡልቡሉ የአገር አተር ደረቅና ጠንካራ ነው፣ አይጠራውም። ባለሱቋ ይህን በሁለት ቃል ነግራኝ ነበር።

ሁለተኛ ጥፋት አለ፤ ይህኛው የሱቋ ነው። ባዶውን እሽግ ለመጣል ሳነሳ የማለቂያው ቀን ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ጥግዋ ተነሥቶ አየሁ። በጥፍሬ ላጥኩት፤ ከሥር ሌላ ቀን አለ፣ ከላይኛው ሁለት ዓመት የቀደመ። የአተር ዘር በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ሦስት ዓመት ገደማ በደህና ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ አቅሙ እየደከመ ነው የሚሄደው። መበስበሱ ከዝናቡ ብቻ እንዳልነበር ያኔ ጠረጠርኩ። ይዤው ሄድኩ። ባለቤቷ አየችው፣ ፊቷ ተለወጠ። ከአከፋፋዩ እንደዚሁ እንደመጣላት ነገረችኝ፤ ሳትከራከር ከሌላ ካርቶን አዲስ እሽግ ሰጠችኝ፤ የቀሩትንም ከመደርደሪያው አወረደች። ጥሩ አደረገች። ቢሆንም ዘር የምትሸጥ ሴት፣ ደንበኛዋ በጥፍሩ ያየውን ቀድማ ማየት ነበረባት። አንድ ኮከብ የምቀንሰው እዚህ ላይ ነው።

አዲሱን እሽግ እሷ ባለችው ጊዜ፣ በፍልሰታ፣ ነሐሴ 6 ዘራሁ። መደቡን በዚህ ጊዜ አንድ ክንድ ያህል አነሣሁት፤ ዳሩን በአሮጌ ቆርቆሮ ደገፍኩ። ከ50ው 41 በቀለ። ማዳበሪያ ልግዛ ስላት ደግሞ አልሸጠችልኝም። «አተር ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ዩሪያ ቢሰጡት ቅጠል ብቻ ነው የሚያበዛልዎት» አለች። ሱቅ ሆኖ ብር አልቀበልም የሚል ስንት ታውቃላችሁ? እውነቷን ነው፤ አንዱን ነቅዬ ሥሩን ሳይ ነጠብጣብ እባጮች ተለጥፈውበታል፤ አንዱን ስሰነጥቀው ውስጡ ቀላ ያለ ሮዝ ነው። በነዚያ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ ተክሉን ይመግባሉ።

አሁን ስለ ጆንያው አተር። ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ደስ ያለኝ እዚህ ነውና።

አተሩ ሲያብብ 43ቱ ነጭ አበባ አወጡ፣ ሦስቱ ሐምራዊ። ቅልቅል ነው ብዬ ልወቅሳት ሄድኩ። ሳቀች። «የአገር ዘር እኮ ነው ጋሼ፤ አንድ ዓይነት ከፈለጉ እሽጉ አለልዎት» አለች። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ተሸማቀቅኩ። እ.ኤ.አ. በ1927 ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባለው ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ፣ ከራስ ተፈሪ ፈቃድ ተቀብሎ አገሩን በበቅሎ የዞረው ይህንኑ ቅልቅል ፍለጋ ነበር። ዶክተር መላኩ ወረደም ከተማው ውስጥ ያለውን የዘር ባንክ ሲመሩ ዘሩ በባንክ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ መኖር አለበት ብለው የታገሉለት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙበትም ነገር ነው። እኔ ደግሞ ሦስት ሐምራዊ አበባ አይቼ እንደ ፊደል ግድፈት ልሰርዘው ነበር።

የሚሰረዝ ግን አለ። ከአተሩ መሐል ሁለት ቅጠለ ቀጫጭን፣ ግንዳቸው ጠፍጠፍ ያለ፣ አበባቸው ሰማያዊ ተክሎች በቀሉ። ጓያ። ከጆንያው የተረፈኝን ዘር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስለቅም አራት ፍሬ አገኘሁ፤ ጓያ እንደ አተር ድቡልቡል አይደለም፣ የመጥረቢያ ራስ ይመስላል። ጥቂት ፍሬ ማንንም አይጎዳም፤ አዘውትሮ ዋና ምግቡ ያደረገውን ሰው ግን እግሩን ሽባ እንደሚያደርግ አያቶቻችን ያውቁታል። ለዘር የተሸጠ አተር ከመሸጡ በፊት በሰፌድ አንድ ጊዜ ቢለቀም ምን ነበረበት? ይህን ነግሬያታለሁ። ያኔ ያልተለቀመ ነበር፤ ኋላ ሄጄ ስዘግን አንድም አላገኘሁም።

የአገሩ አተር መስከረም 25 ለእሸት ደረሰ፣ በ91 ቀኑ። በማግስቱ መፀው ይገባል፤ በመጽሐፍ የተጻፈ ያህል ነው። የእሽጉ ጥቅምት 12 ደረሰ፣ በ71 ቀኑ። እሽጉ 65 ቀን ይላል፤ ስድስት ቀን ለአገሩ ብርድ ይቅር ብያለሁ። አንድ ነገር ግን ለሚገዛ ሰው ልንገር፦ ከእሽግ ውስጥ «ቀደምት» የሚባለውን ዓይነት ምረጡ። ዘግይተው የሚደርሱት የሰሜን አገር አተሮች ለማበብ ረጅም ቀን ይፈልጋሉ፤ የኛ ቀን ክረምትም ሆነ በጋ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ ሲያድጉ፣ ሲያድጉ፣ ሲባጎውን ጨርሰው አጥሩን አልፈው ይሄዳሉ።

ጣዕም። የእሽጉን ጥሬውን ከተክሉ ላይ ፈልፍሎ መብላት ነው፤ እንደ ስኳር ይጣፍጣል። የግቢው ልጆች በሁለት ቀን ግማሹን ጨረሱት። ባለቤቴ ደርቆ የቀረውን ጥቂት ለክክ ሞከረችው፤ አልሆነም፣ ወጡ ቀጥኖ ቀረ። የአገሩ እሸት ጣፋጭነቱ የጨዋ ነው፣ ደብዘዝ ያለ፤ ሲደርቅ ግን ያኔ ነው አተር የሚሆነው። ህዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ የበላነው የመጀመሪያው ክክ አልጫ ከራሳችን መደብ ነበር። ለአምስቱ አባወራ አንድ አንድ ጭልፋ ደረሰ፣ በሰፊው ልናገር አልችልም።

ለዘር ወደማስቀረቱ ልመለስ፤ ለዚህ ነው ነገሩ ሁሉ የተጀመረው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው መጀመሪያ በልቶ የተረፈውን ለዘር መተዉ ነው። የተረፈ ማለት ዘግይቶ ያፈራ፣ የተጨነቀ፣ ያላማረ ማለት ነው። እኔ አበባ ላይ እያሉ ነው የመረጥኩት፤ ከአገሩ ነጭ አበባ አሥር ተክል፣ ሐምራዊዎቹን ሦስቱንም፣ ከእሽጉ ስምንት። አንገታቸው ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ለግቢው ልጆች ቀይ ክር ያለበት የስለት ነው ብዬ ዋሸሁ። አልነኩትም። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። እሸቱ ከሚበላበት ቀን አንስቶ አራት አምስት ሳምንት ተክሉ ላይ ይቆያል፤ ቆባው ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፤ ሲነቀንቁት ፍሬው ውስጡ ይንሿሿል። እንደ አዲስ አበባ ያለ ምቹ ቦታ ለዚህ ሥራ የለም ብል አላጋነንኩም። በሰሜን አገር የመኸር አተር ቆባው ሳይደርቅ ውርጭና ጭጋግ ይቀድመዋል፤ ስለዚህ ዘር የሚያስቀሩት ከጸደይ ተክላቸው ነው። እኛ ጋ ጥቅምትና ህዳር ጠራርጎ የሚያደርቅ ፀሐይ ነው። በእርግጥ ያው የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ነጭ ሻጋታ። የእሽጉን ክፉኛ ያዘው፣ የአገሩን ዳር ዳሩን። የታመመውን ቅጠል ቆርጬ አቃጠልኩ፤ ፍሬው ለመድረቅ ተቃርቦ ስለነበር ተረፈ።

ለቅሜ ሰፌድ ላይ አሰጣሁት። መድረቁን የማረጋግጥበት ዘዴ ተራ ነው፦ አንዱን ፍሬ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ መምታት። ከተፈረካከሰ ደርቋል፤ ከተጠፈጠፈ ገና ነው። ጥርስ አይሞከርም፣ ቢያንስ በኔ ዕድሜ።

በዚህ ጊዜ ነው ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለችው ታላቅ እህቴ የደወለችው። አተር ከሱቅ መግዛቴን ባለቤቴ ነግራታለች። «አንተ! አተር ከሱቅ? ያውም በብልጭልጭ ወረቀት?» አለች፣ ስልኩን ከጆሮዬ እስካርቅ ድረስ እየሳቀች። እትዬ ምን ላድርግ፣ ከተማ ነው ያለሁት አልኳት። ከሳቋ ስትመለስ ግን ቁም ነገር ነገረችኝ፦ ዘሩን ከጤፍ ጋር ቀላቅለህ በቅል አስቀምጥ፤ ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ገብቶ ክፍተቱን ይሞላዋል፣ ነቀዝ መፈናፈኛ ያጣል። ባለሱቋ ደግሞ ሌላ ነበር ያለችኝ፦ በደንብ ከደረቀ በኋላ በብልቃጥ ከድኜ ፍሪዘር ውስጥ ሳምንት ላቆየው። አራሚ ሰው ነኝና ሁለቱንም ሞከርኩ፤ ግማሹን እንዲህ፣ ግማሹን እንዲያ፤ ጥቂት ደግሞ ምንም ሳላደርግ በወረቀት ከረጢት ተውኩ።

የካቲት ላይ የወረቀቱን ከፈትኩ። ከ30 ፍሬ 11ዱ በመርፌ የተነደለ የሚመስል ክብ ቀዳዳ አላቸው፤ ታች ጥቁር ግራጫ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። የአተር ነቀዝ ክፋቱ ጎተራ ውስጥ አለመጀመሩ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ማሳ ላይ፣ አረንጓዴው ቆባ ላይ ነው፤ ትሉ ሰርስሮ ፍሬው ውስጥ ይገባና በሰላም ይኖራል። ስናስቀምጠው ንጹሕ የመሰለን እንግዳውን አብረን ነው የከደንነው። ስለዚህ የእህቴ ጤፍ ከቤት ነቀዝ ያድናል፣ ቀድሞ የገባውን ግን አያስወጣም፤ ከእሷ ግማሽ አራት ፍሬ ተነድሏል። የፍሪዘሩ አንድም የለም። ብርዱ ትሉን እዚያው ይገድለዋል፤ ደረቅ ዘርን ግን አይነካውም። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ያልደረቀ ዘር ፍሪዘር ከገባ ራሱ ይሞታል፤ ሲያወጡትም ብልቃጡ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ሳይከፈት ይቆይ፣ አለዚያ ላብ ያጠምቀዋል። ለእትዬ ውጤቱን አልነገርኳትም።

2017 ክረምት የተዘራው ሁሉ ከራሴ ብልቃጥ ነው። ከአገሩ 60 ዘርቼ 56 በቀለ። ሐምራዊውን ለብቻ በመደቡ ጫፍ ዘራሁ፤ ሁሉም ሐምራዊ ሆኖ አበበ፣ አንድም ነጭ የለም። ከእሽጉ ያስቀረሁት 40 ነበር፣ ነሐሴ 3 ተዘራ፣ 33 በቀለ፤ ፍሬው ሁሉ እንደ እናቱ ተጨማዶ ወጣ። ሁለቱ ዓይነቶች በሁለት ሜትር ብቻ ተራርቀው ሳለ ያየሁት መቀያየጥ የለም። ዘር ከልጓም ይስባል የተባለው ለአተር ሳይሆን አልቀረም። ያ «አባባ፣ ከፍሬው ዘር አያወጡም» ያለኝ ልጅ ብልቃጡን ሳሳየው ዝም ብሎ አገላብጦ አየውና፣ «ታዲያ እኛ ምን እንሽጥ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ አልነበረኝም፤ የካሮት ዘር ገዛሁ።

ስለዚህ ከአምስት አራት። የተቀነሰው ለተለጠፈው ወረቀት ነው፤ ጓያውን ይቅር ብያለሁ፣ ታርሟልና። የምመኘው አንድ ነገር ቀርቶኛል፦ ደቆቆ። ትግራይና ወሎ የሚዘራው፣ ወሎዎች «ያገሬ አተር» የሚሉት፣ ፍሬው ትንንሽ የሆነ የኛው አተር። ጠይቄያት የላትም፤ ሰው ልካለሁ ብላለች፤ ይህን ካለች ስድስት ወር አልፏል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሐምራዊው አንድ ሲኒ ወሰድኩላት። ለሽያጭ አይደለም፣ ለሚጠይቅ ሰው አምስት አምስት ፍሬ እንድትሰጥ ነው። ልጁ በትንሽ ላስቲክ ከረጢት አድርጎ ወረቀት ለጠፈበት። «ሐምራዊ አጠር» ብሎ ጽፏል። እስክሪብቶዬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

የምትሄዱ ባዶ ብልቃጥ ይዛችሁ ሂዱ፤ ላስቲኩ እርጥበት ያፍናል። ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት በኋላ ዝግ ናት። የእሽግ ዕቃ ከገዛችሁ የማለቂያ ቀኑን እዚያው፣ ከመክፈላችሁ በፊት፣ በጥፍራችሁ ሞክሩት። ቀይ ወይም ሮዝ ዱቄት የተቀባ ዘር ካያችሁ መድኃኒት ነው፤ ልጅ አይንካው፣ ለንፍሮም አታስቡት። ለመኸር የሚዘራው የአገር አተር ሰኔ ሲገባ ይመጣላታል፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከሄዳችሁ የጆንያው ሥር ነው የሚደርሳችሁ።